የአትሌቶች የክብር አዳራሽ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች

የስፖርት መምህር ነኝ፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። አንድ ቀን ክፍል ገብቼ ስለ ሻምበል አበበ ቢቂላ ሳወራ «ስሙ በዓለም አትሌቲክስ የክብር አዳራሽ ውስጥ ሰፍሯል» አልኩ። ከኋላ ወንበር አንዱ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ አዳራሹ የት ነው? መግቢያውስ ስንት ነው?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ቶሎ መልስ አልመጣልኝም። ቤቴ ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። ያነበብኩትን ለሰው ሳወራ ደግሞ ጥያቄው እየበዛ ሄደ። ቡና ላይ ይጠይቁኛል፣ ሚኒባስ ውስጥ ይጠይቁኛል፣ አንዴማ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተጠይቄያለሁ። ደጋግሞ የሚመጣውን እነሆ። የእኛን ነገር በእኛ ዘመን አቆጣጠር ጽፌያለሁ፤ የውጪውን «እ.ኤ.አ.» ብዬ ለይቼዋለሁ።

የክብር አዳራሽ ምንድን ነው? ሙዚየም ማለት ነው?

አይደለም፤ ግን ዘመድ ናቸው። ሙዚየም ዕቃ ይሰበስባል፤ የክብር አዳራሽ ስም ይመርጣል። ብዙ ጊዜ አንድ ጣሪያ ሥር ስለሚኖሩ ነው የሚምታቱት። አንድ አትሌት ቱታውን ለሙዚየም ሊሰጥ ይችላል። ወደ አዳራሹ ግን ራሱን ማስገባት አይችልም። የሚያስገቡት ሌሎች ናቸው፤ መስፈርት አውጥተው፣ ተከራክረው፣ ድምፅ ሰጥተው።

ፈረንጆቹ «ሆል ኦፍ ፌም» ይሉታል። «የዝና አዳራሽ» ብለው የሚተረጉሙት አሉ። ለእኔ «የክብር አዳራሽ» ይሻላል። ዝና ዛሬ ቲክቶክ ላይ በአንድ ሌሊት ይገኛል። ክብር ግን ሰው መክሮበት የሚሰጠው ነገር ነው።

ሐሳቡ የተጀመረው በስፖርት አይደለም። ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1900 የተመሠረተ የታላላቅ አሜሪካውያን አዳራሽ አለ። ረዥም በረንዳ ነው፤ በአምዶቹ መካከል የጸሐፊዎች፣ የሳይንቲስቶችና የመሪዎች ምስል በነሐስ ተቀርጾ ተደርድሯል። ከዚያ የቤዝቦል ሰዎች ሐሳቡን ወሰዱት። እ.ኤ.አ. በ1936 የመጀመሪያዎቹን 5 ተጫዋቾች መረጡ፣ በ1939 በሩን ከፈቱ። ከዚያ በኋላ ቦክሱም፣ ቅርጫት ኳሱም፣ ዋናውም የየራሱን አቆመ።

ታዲያ አበበ ያለበት አዳራሽ የት ነው?

ይቺ የዚያ ልጅ ጥያቄ ናት። የአትሌቲክሱ ዓለም አቀፍ ማኅበር 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር እ.ኤ.አ. በ2012 የመሠረተው ነው። አበበ ከመጀመሪያዎቹ ገቢዎች አንዱ ነው። ግን በር ላይ ቆመህ ትኬት የምትቆርጥበት ትልቅ ሕንፃ አድርገህ አታስበው። ከሁሉ በፊት የስም መዝገብ ነው።

አሜሪካኖች ደግሞ የራሳቸው ብሔራዊ የአትሌቲክስ አዳራሽ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1974 ተመሠረተ፣ ከከተማ ከተማ ሲዞር ቆይቶ ማንሃተን ውስጥ አርሞሪ የሚባል አሮጌ የጦር ሕንፃ ውስጥ አረፈ። እዚያው ሕንፃ ውስጥ የቤት ውስጥ ትራክ አለ፤ የትምህርት ቤት ልጆች ይወዳደሩበታል። ይሄ ነገር በጣም ነው ደስ ያለኝ። የአንጋፎቹ ስም ግድግዳ ላይ፣ የልጆቹ ላብ ወለል ላይ።

አበበ በምን መስፈርት ገባ?

አዳራሹ ሲቋቋም የወጣው መስፈርት አጭር ነው። ቢያንስ 2 የኦሎምፒክ ወይም የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ። ቢያንስ 1 የዓለም ሪከርድ። ሩጫ ካቆመ ቢያንስ 10 ዓመት ያለፈው።

አሁን አበበን በዚህ ሚዛን እናስቀምጠው።

ሮም። ቀኑ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ነው። ልብ በሉ፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። እዚህ አገር ቤት ሰው ለበዓል ሽር ጉድ ሲል፣ እዚያ ሮም ውስጥ አንድ የክቡር ዘበኛ ወታደር ጫማውን ትቶ መነሻው ላይ ቆመ። ጫማ ጠፍቶ አይደለም። የተሰጠው አልተመቸውም፤ አዲስ የተገዛውም እግሩን አቁስሎታል። ድሮም በባዶ እግሩ ይለማመድ ነበር፤ በባዶ እግሩ ሄደ። መለያ ቁጥሩ 11 ነበር። ተጠንቀቅ የተባለው ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም በ26 ቁጥር ይሮጣል ተብሎ ነበር። ራዲ የለበሰው ግን 185 ነው። አበበ 26ን ሲፈልግ ራዲ አጠገቡ ነው የሚሮጠው! ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው በጣም ይወዱታል።

ሲመሽ መንገዱን ወታደሮች ችቦ ይዘው አበሩት። ሁለቱ ጎን ለጎን መጡ። ጣሊያን ከእኛ ወስዶ ሮም ያቆመው የአክሱም ሐውልት አጠገብ ሲደርሱ አበበ ተፈተለከ። ቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ሲገባ ሰዓቱ 2:15:16.2 ነበር። በጊዜው ከነበረው ምርጥ ሰዓት የበለጠው በ0.8 ሰከንድ ነው። አንድ ሰከንድ እንኳ አትሞላም። ሐውልቱ ራሱ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ነው፤ አክሱም ላይ ተመልሶ የቆመው ደግሞ በ2000።

ቶኪዮ። ጥቅምት 11 ቀን 1957። ከውድድሩ አንድ ወር ከምናምን ቀደም ብሎ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና አድርጓል። ብዙ ሰው አበበን ሁልጊዜ በባዶ እግሩ ነው የሚያስበው፤ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ነው የሮጠው። 2:12:11.2። ያንንም የዓለም ምርጥ ሰዓት ሰበረ፤ አሁን ግን ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ አሻሽሎ። ሲጨርስ ሣሩ ላይ ተጋድሞ እግሩን እያነሣ ስፖርት ይሠራ ጀመር። የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

2 ወርቅ አለ። ሪከርድ አለ። ዓመታቱ ካለፉ ቆይተዋል። ማንም አልተከራከረም።

አበበ የእኛ የሰሜን ሸዋ ልጅ ነው እንዴ?

ነው። ነሐሴ 1 ቀን 1924 ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። ያን ጊዜ አገሩ ሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ ሰላሌ ነው። ዛሬ ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን ሁለት አለ፤ አንዱ አማራ ክልል፣ ሌላው ኦሮሚያ። እዚህ ላይ ክርክር የሚያነሣ ሰው አይጠፋም። እኔ ቡና ላይ ይህ ሲነሳ ሁለተኛውን ስኒ አዝዤ ዝም እላለሁ። ሲወለድ ዞን የሚባል ነገር አልነበረም።

ከዚህ ክርክር ይልቅ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ልጅ ሳለ የእረኛ ልጅ እንደመሆኑ ገና ይጫወት ነበር። የእኛን አገር ገና የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሜዳ የሚባል ወሰን የለውም። ግቡ አንዳንዴ ከጋራ እስከ ጋራ ነው። ጥንጓን ተከትለህ ስትሮጥ ትውላለህ፤ ማን ርቀቱን ይለካል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። በዚህ ደጋ ላይ ገና የተጫወተ ልጅ ልምምድ የጀመረው ሳያውቀው ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል፤ ሳንባውን ግን ጌታም ሎሌም እኩል ያሠራል።

ስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ያገኘው ክቡር ዘበኛ ከገባ በኋላ ነው። የኒስካነንን ሥራ ማሳነሴ አይደለም። ግን መሠረቱ ከዚህ ደጋ መጣ ብል ማንም አይፈርድብኝም።

ሌሎቹ ጀግኖቻችንስ በዚያ መስፈርት ያልፋሉ?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ምክንያቱም መልሱ ሰው ያናድዳል።

ማሞ ወልዴ። ጥቅምት 1961 ሜክሲኮ ላይ አበበ በጉዳት ሲያቋርጥ ማራቶኑን የወሰደልን እሱ ነው። እዚያው በ10,000 ሜትር ብር አለው። ከ4 ዓመት በኋላ ሙኒክ ላይ ዕድሜው 40 ሆኖ በማራቶን ነሐስ አገኘ። ወርቁ ግን 1 ነው። አያልፍም።

ምሩጽ ይፍጠር። ሞስኮ፣ 1972። 5,000 እና 10,000፣ ሁለቱንም ወርቅ። ከዚያ በፊት የሞንትሪያል ኦሎምፒክ አገራችን በመቅረቷ አምልጦታል። የዓለም ሪከርድ በስሙ የለም። አያልፍም።

ፋጡማ ሮባ። አትላንታ፣ 1988። የኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት። 1 ወርቅ። አታልፍም።

ገዛኸኝ አበራ። ይሄኛው የባሰ ነው። በእኛ አቆጣጠር 1993 መስከረም ላይ ሲድኒ የኦሎምፒክ ማራቶንን አሸነፈ፣ እዚያው 1993 ሐምሌ ላይ ኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮናውን ደገመ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱንም! ሪከርድ ስለሌለው ግን ያው ነው።

መስፈርቱ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ለዓለም የተሠራ ወንፊት ነው፤ ቀዳዳው እንደዚያ መሆን አለበት። ብሔራዊ አዳራሽ የሚያስፈልገው ግን ለዚህ ነው። አንድ አገር የራሱን ወንፊት ካልሠራ ማሞን የሚያህል ሰው ከወንፊቱ ሥር ይቀርበታል። ማራቶን ደግሞ ሪከርድ ብቻ አይደለም። ሜክሲኮ ከፍታ ላይ ሰዓት ልስበር ያለ ሰው አልነበረም፤ ማን ቀድሞ ይገባል ነበር ጉዳዩ።

ወደ ራሳችን ሰፈር ስንመጣ ደግሞ ፀጋዬ ከበደ አለ። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ራቅ ብሎ፣ ከ13 ልጆች አንዱ ሆኖ ያደገ፣ እንጨት ለቅሞ የሸጠ ልጅ ነው። ቤጂንግ ላይ በማራቶን ነሐስ አመጣ። ለንደን ማራቶንን ሁለቴ አሸንፏል። በ2005 ብቻ መስከረም ላይ ቺካጎን፣ ሚያዝያ ላይ ለንደንን ወሰደ። በዓለሙ ሚዛን በር አካባቢም አይደርስም። የሰሜን ሸዋ ሚዛን ቢኖርስ? እኔ እጄን አወጣ ነበር።

መራጩ ማነው? ዘመድ ለዘመድ እንዳይሆን ምን ይደረጋል?

የቤዝቦሎቹን ሥርዓት ልንገራችሁ፤ ብዙዎቹ ከእነሱ ነው የቀዱት። ድምፅ የሚሰጡት ረዥም ልምድ ያላቸው የስፖርቱ ጋዜጠኞች ናቸው። ተጫዋቹ ቢያንስ 10 የውድድር ዘመን የተጫወተ፣ ካቆመ 5 ዓመት ያለፈው መሆን አለበት። አንድ መራጭ ከ10 ስም በላይ አይጽፍም። ለመግባት 75 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል። ከ5 በመቶ በታች ያገኘ ከዝርዝሩ ይወጣል። 10 ዓመት ተሞክሮ ካልሆነም ይበቃል።

75 በመቶ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በመጀመሪያው ዓመት ታይ ኮብ የተባለው ተጫዋች ከ226 ድምፅ 222 አገኘ። አራት ሰው እሱንም አልመረጠም! ሁሉም መራጭ የተስማማበት የመጀመሪያ ሰው የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ ማሪያኖ ሪቬራ። 83 ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

እድር ላይ የተቀመጠ ሰው ይህ ይገባዋል። ደንቡ አስቀድሞ ከተጻፈ ጸብ ይቀንሳል። ሰው ከታየ በኋላ የሚጻፍ ደንብ ግን ለዚያ ሰው ልክ የተሰፋ ኮት ነው።

ለምን 5 ዓመት፣ 10 ዓመት ይጠበቃል? ሰው በሕይወት እያለ ቢከበር አይሻልም?

በሕይወት እያለማ ይከበር። መጠበቁ እስኪሞት አይደለም፣ ስሜቱ እስኪበርድ ነው። ትናንት ያሸነፈውን ዛሬ ሁላችንም እንመርጠዋለን። ከ10 ዓመት በኋላ የሚነሣው ስም ግን የተጣራ ነው። ደግሞም የዶፒንግ ነገር አንዳንዴ ዘግይቶ ነው የሚመጣው።

ዶፒንግ ውስጥ ስሙ የተነሣ ሰውስ?

ባሪ ቦንድስና ሮጀር ክሌመንስ የተባሉት ተጫዋቾች በቤዝቦል የውጤት ቁጥራቸው ከአብዛኛው የአዳራሹ አባል ይበልጣል። ስማቸው ከአበረታች መድኃኒት ጋር ስለተነሣ ጋዜጠኞቹ 10 ዓመት ሙሉ 75 በመቶ ከለከሏቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ጊዜያቸው አለቀ። የሚያለቅስላቸውም፣ የሚደሰትባቸውም አለ። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ የእኛ አገር ደንብ ሲጻፍ ይህ አንቀጽ ከመጀመሪያው ቀን ይግባ። ጎረቤት እስኪቃጠል አይጠበቅም።

«አትሌት» ሲባል ሯጭ ብቻ ነው?

በእኛ አፍ አዎ። «አትሌት» ካልን ሯጭ ነው፤ ለሌላው «ስፖርተኛ» እንላለን። ስለዚህ አዳራሹ «የስፖርት» ቢባል ይሻላል ባይ ነኝ። ጥር 1954 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣውን ቡድን የት ልናደርገው ነው? ዋንጫውን የተቀበለው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ። ይድነቃቸው ኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መርቷል።

የካናዳ ብሔራዊ የስፖርት አዳራሽ ለዚህ መላ አለው። ሁለት በር አለው ብላችሁ አስቡት። በአንዱ ተወዳዳሪዎች ይገባሉ። በሌላው «ገንቢዎች» የሚሏቸው፤ አሰልጣኝ፣ መሪ፣ ስፖርቱን ያቆመ ሰው። በዚያ በር ኒስካነንም ይገባል፣ ይድነቃቸውም ይገባል።

አካል ጉዳተኛ ስፖርተኞችስ?

እዚህ ላይ አበበን ራሱን እንጠይቀው። መጋቢት 13 ቀን 1961 ቮልሱ ተገልብጣ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ገባ። እዚያ ተኝቶ አልቀረም። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ በተንሸራታች ወንበር ተወዳድሮ አሸነፈ። ያረፈው ጥቅምት 15 ቀን 1966 ነው፤ 41 ዓመቱ ነበር። የአበበን ታሪክ ቶኪዮ ላይ የሚያቆም አዳራሽ ግማሹን ሰው ነው ያስቀመጠው።

በ2013 ትዕግስት ገዛኸኝ እዚያው ቶኪዮ፣ በፓራሊምፒክ 1,500 ሜትር፣ ለአገራችን የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ አመጣች። አበበ ባሸነፈበት ከተማ። ይህንን ማን ያስተዋለ አለ?

አዳራሽ ሁሌ አዲስ አበባ ነው ወይስ እዚህም ይቻላል?

የቤዝቦሉ አዳራሽ ያለው ኩፐርስታውን ነው። ከተማ ስለተባለ አትሸወዱ፤ ነዋሪው 2,000 አይሞላም። የእኛዋ ትንሽ ከተማ እነዋሪ እንኳ ከእሱ ትበልጣለች። ለምን እዚያ ሆነ ቢባል «ቤዝቦል የተፈጠረው እዚህ ነው» የሚል ወሬ ነበር። ወሬው ተረት ሆኖ ተገኘ። አዳራሹ ግን ቀረ፤ ሰው እስከ ዛሬ ከየአገሩ ይጎርፋል።

ከሱ የበለጠ ልቤን የነካው ግን የቦክሱ ነው። ካናስቶታ የምትባል የኒው ዮርክ ግዛት መንደር ሁለት የዓለም ሻምፒዮን ቦክሰኞች አፍርታለች፤ ካርመን ባሲሊዮና የእህቱ ልጅ ቢሊ ባከስ። የሰፈሩ ሰው «ለልጆቻችን ማስታወሻ እናድርግ» ብሎ ገንዘብ አዋጣ። መጀመሪያ ያሠሩት የመስታወት ሣጥን ብጤ ማሳያ ነው። ነገሩ እያደገ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1989 ሙዚየም ተከፈተ፣ በ1990 ሙሐመድ ዓሊን የመሳሰሉትን አስገባ። ዛሬ ዓለም አቀፉ የቦክስ የክብር አዳራሽ ካናስቶታ ነው። ቀበሌ ያዋጣው የመስታወት ሣጥን!

ስለዚህ «ደብረ ብርሃን ላይ ይቻላል ወይ?» ለሚለኝ ሰው ካናስቶታን እነግረዋለሁ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ናት፤ መንገዱ አስፋልት ነው። የእኛ ታሪክ ደግሞ ተረት አያስፈልገውም።

ስም ላይ «ቢቂላ» ብለው የሚጽፉት ለምንድን ነው?

ፈረንጅ ሁለተኛውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚወስደው ነው። ስለዚህ አበበን «አ» ላይ ከፈለጋችሁት አታገኙትም፤ «ቢ» ላይ ነው ያለው። ማሞን «ወ» ላይ፣ ምሩጽን «ይ» ላይ ፈልጉ። የራሳችን መዝገብ ሲሠራ በዋናው ስም ይደርደር፤ የቀኑም ዘመን አቆጣጠር ከጎኑ ይጻፍ። ሁለቱን አቆጣጠር ያደባለቀ ወረቀት ስንቱን ሰው በ8 ዓመት አስረጅቶታል።

የገባ ሰው ገንዘብ ያገኛል?

አያገኝም። ስም፣ ሰሌዳ፣ አንዳንዴ ሜዳሊያ። በቃ።

የአባቴ ሜዳሊያና ፎቶ ቤት ውስጥ አለ። ምን ላድርገው?

ይህ ጥያቄ ሲመጣ ቁጭ ብዬ ነው የምመልሰው።

መጀመሪያ፣ አታጥቡት። በሎሚም፣ በአመድም፣ በኮልጌትም አይሆንም። የኦሎምፒክ ወርቅ እንኳ ከእ.ኤ.አ. 1912 ወዲህ ሙሉ ወርቅ አይደለም፤ በብር ላይ የተቀባ ወርቅ ነው። ፈትጋችሁ ፈትጋችሁ ብሩ ብቻ ይቀራል። በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉት፣ ጠርዙን ይዛችሁ አንሡት። ደብረ ብርሃን ክረምቱ እርጥብ ነው፤ ግድግዳ ላይ አትስቀሉት፣ መሬት ላይም አታስቀምጡት።

ፎቶውን ላሚኔት አታስደርጉ። በፕላስተር አትለጥፉ። ከጀርባው በእርሳስ፣ በስሱ ጻፉ፤ በእስክሪብቶ አይሆንም፣ ቀለሙ ወደ ፊት ይወጣል። ማን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ። ከዚያ በስልክ አንሡትና ለዘመድ ሁሉ ላኩት። ቤት ቢቃጠል ቴሌግራም ላይ ይቀራል።

ለማንም ስታውሱ ደግሞ ተፈራረሙ። ይህን ከራሴ ነው የተማርኩት። ተማሪ ሳለሁ በዞን ውድድር ያገኘሁትን ሰርተፊኬትና ሁለት ፎቶ አንድ ጽሕፈት ቤት «ለኤግዚቢሽን» ብሎ ወሰደብኝ። በወሩ ስሄድ «ነገ ና»፣ በሦስት ወሩ ስሄድ «ዕቃ ቤት ይፈለጋል»። በመጨረሻ «የያዘው ሰው ተዛውሯል» አሉኝ። የፈረምኩት ወረቀት ስለሌለ በምን አፌ ልናገር። አሁን ለልጆቼ ሮጬ ነበር ስላቸው «ማስረጃ!» ይሉኛል።

ባለፈው ዓመት ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ሽማግሌ ቤት ሄድኩ። በወታደርነታቸው ጊዜ ሯጭ ነበሩ። ከአልጋ ሥር የቆርቆሮ ሣጥን ጎትተው አወጡ። ውስጡ የታጠፈ ቱታ፣ ሁለት የጨርቅ መለያ ቁጥር፣ አራቱም መርፌ ቁልፎች ዝገው ጨርቁ ላይ ቡናማ ክብ ሠርተዋል። አንድ ፎቶም አለ፤ ሦስት ሰዎች፣ ትከሻ ለትከሻ።

«ጋሼ፣ ስማቸውን ይንገሩኝና ከጀርባው ልጻፈው» አልኳቸው።

የግራው እሳቸው ናቸው። የመሃሉን ነገሩኝ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ፎቶውን ወደ መስኮቱ ይዘውት ሄዱ፣ አራቁት፣ አቀረቡት። «ልጄ፣ እንጀራ አብረን በልተናል እኮ» አሉ። ቦታውን ባዶ ትቼ በእርሳስ መስመር አሰመርኩበትና ሄድኩ።

ከሳምንት በኋላ ሌሊት ስልኬ ጮኸ። ደንግጬ አነሣሁ። ሰላምታ እንኳ አልሰጡኝም። ስሙን ከነአባቱ ነገሩኝና «ጻፍከው?» አሉኝ።